ከሒሳቡ የተጣለው ምንድን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ግድቦቻችን ውኃ አያያዝ በሚጻፉ አስተያየቶች ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ሐሳብ አለ። «ኮምፒውተር በሞላበት ዘመን ግድቡንም፣ ወንዙንም፣ ዝናቡንም፣ ተርባይኑንም፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንም አንድ ላይ ከትቶ ከሁሉ የሚያዋጣውን አሠራር ማስላት ነው፤ ምን ይከብዳል?» ይላል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ሆኖም እንደዚያ አድርጎ የሚያሰላ የለም። መጀመሪያ ሥርዓቱ ይቀልላል፣ ማለትም ከውስጡ የሆነ ነገር ይጣላል፤ የሚሰላው የቀረው ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ስለሚጣለው ነገር ነው። «በሞዴል ተጠንቶ የተገኘ ምርጥ አሠራር» ተብሎ ቁጥር ሲወጣ፣ ምን ተጥሎ እዚያ ላይ እንደተደረሰ አብሮ ሲነገር አይታይም።

ለምን እንደሚጣል በቁጥር እንየው። አንድ ግድብ ብቻ እንውሰድ። የያዘውን ውኃ በ100 እርከን፣ በወሩ ውስጥ የሚገባውን በ10፣ የሚለቀቀውን በ20 አማራጭ እንከፋፍል። ለአንድ ወር 20,000 ስሌት፣ ለ12 ወር 240,000 ይሆናል። ይህን የኪስ ስልክ በሰኮንድ ስባሪ ይጨርሰዋል። ዘዴው ሪቻርድ ቤልማን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዋቀረው ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ነው፤ ከመጨረሻው ወር ተነስቶ ወደ ኋላ እያሰላ፣ በእያንዳንዱ የውኃ መጠን ላይ ምን ያህል ቢለቀቅ እንደሚሻል ይመዘግባል። አሁን አራት ግድቦችን አንድ ላይ እናስገባ። 20,000 አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ ውጤቱ 16 ተጽፎ 16 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ነው። በ12 ወር ሲባዛና ማሽኑ በሰኮንድ አንድ ቢሊዮን ስሌት ይሠራል ሲባል 61 ዓመት ይፈጃል። ሺህ እጥፍ የሚፈጥን ኮምፒውተር ቢገዛ ወደ 22 ቀን ይወርዳል፤ ደስ ይላል። አምስተኛ ግድብ ሲጨመር ግን 22ቱ ቀን በ20,000 ይባዛና ከ1,200 ዓመት በላይ ይሆናል። ላሊበላ ከመፈልፈሉ በፊት የተጀመረ ስሌት ገና ዛሬ እያለቀ ነው ማለት ነው። ቤልማን ራሱ ይህን የልኬት ብዛት እርግማን ብሎታል። ማሽን በመለወጥ የሚነሳ እርግማን አይደለም።

የመጀመሪያው መውጫ ግድቦቹን በስሌት አንድ ማድረግ ነው። ውኃው በሜትር ኩብ መቆጠሩ ቀርቶ በውስጡ በያዘው ኃይል ይቆጠራል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ከ100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ፣ ተርባይንና ጀነሬተሩ አንድ ላይ 90 በመቶ ቢሠሩ፣ 0.245 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ላይኛው ግድብ ውስጥ ያለው ውኃ ታች ያሉትን ማመንጫዎች ሁሉ ስለሚያልፍ የሚባዛው በሁሉም ከፍታ ድምር ነው። በጊቤና በኦሞ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የግልገል ጊቤ 1 (184 ሜጋዋት) ውኃ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ አልፎ የራሱ ትልቅ ማጠራቀሚያ የሌለውን ጊቤ 2ን (420 ሜጋዋት) ያንቀሳቅሳል፤ ከዚያ ወደ ኦሞ ወርዶ ጊቤ 3 (1,870 ሜጋዋት) ይገባል። ላይ ያለች አንዲት ሜትር ኩብ ሦስት ጊዜ ትሠራለች። ውኃውን በሜትር ኩብ ብቻ የደመረ ሰው የላይኛውንና የታችኛውን እኩል ዋጋ ሰጥቷቸዋል።

ግድቦችን ወደ አንድ የኃይል ማጠራቀሚያ የመጠቅለሉ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970 በአርቫኒቲዲስና በሮዚንግ የቀረበ ነው። ብራዚል በርካታ ግድቦቿን በአራት ክልላዊ ማጠራቀሚያዎች ጠቅልላ ለረጅም ዓመታት ስታቅድበት ቆይታ፣ ኋላ ቁጥሩን ጨምራለች። የጨመረችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጥቅሉ የሚደብቀው ነገር አለ። ሁለት ግድቦች እያንዳንዳቸው 10 አሃድ ይይዛሉ እንበል። ታችኛው ሞልቶ 10፣ ላይኛው 2 ላይ ነው። ጥቅሉ ከ20 ውስጥ 12 ያያል። 3 አሃድ ጎርፍ በታችኛው በኩል ቢገባ ጥቅሉ «15 ሆንኩ፣ ገና 5 ቦታ አለኝ» ይላል። እውነተኛው ግድብ ግን 3ቱን በማስተንፈሻ በሩ እየለቀቀ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ቢባልም፣ ይህኛው አይለቀምም።

መድኃኒቱ ጥቅሉን መተው ሳይሆን ማረም ነው። ግድቦቹን አንድ በአንድ የያዘ ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የሚሠራ ማስመሰያ) ባለፉት ዓመታት የወንዝ ፍሰት ይሮጣል፤ ጥቅሉ በዚህን ያህል ሲሞላ ስንት አሃድ ኃይል በማስተንፈሻ እንደሄደ ይመዘገባል፤ ከዚያ የተገኘው ኩርባ ጥቅሉ ውስጥ እንደ ኪሳራ ይገባል። በመጨረሻም በጥቅሉ የተወሰነው ወደየግድቡ ተመልሶ ይከፋፈልና ይፈተሻል። ጥናት ሲቸኩል በብዛት የሚዘለለው ይህ የመመለስ ደረጃ ነው፤ የጥቅሉ ስሌት ያማረ ሥዕል ስለሚሰጥ ሥራው ያለቀ ይመስላል።

ሁለተኛው መንገድ ፈጣኑን ከዘገምተኛው መለየት ነው። የግድብ ውኃ በወራት ይለወጣል፣ የተርባይን ፍጥነት በሰኮንዶች፣ በጀነሬተሩ ውስጥ ያለው ደግሞ ከሰኮንድ ባነሰ። ሁሉን በአንድ ስሌት ካስገባን ፈጣኑ ሌላውን ሁሉ ያስራል። በ0.1 ሰኮንድ ገደማ የሚለዋወጥ መጠን (ተለዋዋጭ) ባለበት፣ በትንንሽ የጊዜ እርምጃ ወደ ፊት እያሰላ የሚሄደው ተራው የኦይለር ዘዴ ከ0.2 ሰኮንድ በላይ ሊራመድ አይችልም፤ ቢራመድ ቁጥሩ ይፈነዳል። ለአንድ ወር ብቻ 13 ሚሊዮን ገደማ እርምጃ ይሆናል። ስለዚህ የፈጣኑ የለውጥ ፍጥነት ዜሮ ይደረግና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽኑ ወደ ተራ አልጀብራ ይወርዳል። ፈጣኑ ወዲያው ተረጋግቶ ዘገምተኛውን ይከተላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ አልጀብራው ፈጣኑ በእርግጥ ይረጋጋ እንደሆነ አይናገርም። የሩሲያው ቲኾኖቭ እ.ኤ.አ. በ1952 ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ይህ ነው፦ ፈጣኑ ለብቻው ሲታይ የተረጋጋ መሆን አለበት። የፈጣኑን ኢኩዌሽን ምልክት ከመቀነስ ወደ መደመር ብትለውጡት፣ ዜሮ ሲደረግ የሚሰጠው መልስ ቃል በቃል ያው ነው፤ እውነተኛው ሥርዓት ግን አንዱ ይረጋጋል፣ ሌላው ይፈነዳል። ወረቀቱ ላይ ምንም ልዩነት አይታይም።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚያታልል ነው፤ ተርባይኑን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠይቃል። ተርባይን ፊት ያለው በር ሲከፈት ኃይሉ ወዲያው የሚጨምር ይመስላል። አይጨምርም፤ መጀመሪያ ይቀንሳል። በቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ ከባድ ስለሆነ ወዲያው አይፈጥንም፤ በሩ ሲሰፋ ፍሰቱ ገና ያው ነው፣ ተርባይኑ ላይ የሚያርፈው ግፊት ግን ይወርዳል። ብክነት በሌለው ተርባይን፣ የውኃው መነሻ ጊዜ (የቧንቧው ውኃ ከቆመበት ተነስቶ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ የሚደርስበት) 2 ሰኮንድ በሆነበትና በሩ በቅጽበት 10 በመቶ በተከፈተበት ስሌት፣ ኃይሉ መጀመሪያ 20 በመቶ ይወርዳል። ወደነበረበት የሚመለሰው ከ1.1 ሰኮንድ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ 10 በመቶ ጭማሪው ይወጣል። በተግባር በሩ ቀስ ብሎ ስለሚከፈት ጉድጓዱ ይህን ያህል አይጠልቅም፤ ግን አለ።

ይህን የቧንቧ ውኃ ከወርኃዊ የውኃ ዕቅድ ውስጥ መጣል ትክክል ነው፤ ይዞ መቆየቱ ሞኝነት ይሆናል። የተርባይኑን ፍጥነት መቆጣጠሪያ ለሚያስተካክል ሰው ግን ይኸው ተለዋዋጭ ከተጣለ ሞዴሉ «በሩን ክፈት፣ ኃይሉ ወዲያው ይመጣል» ይለዋል። እሱም መቆጣጠሪያውን ኃይለኛ አድርጎ ያስተካክለዋል። እውነተኛው ማሽን ኃይሉ ሲወርድ ያያል፣ በሩን ይበልጥ ይከፍታል፣ ውኃው ሲደርስ ይበዛል፣ መልሶ ይዘጋል፤ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ በ50 ኸርዝ ዙሪያ መወዛወዝ ይጀምራል። ስለዚህ «ይህ ተለዋዋጭ ይጣል ወይስ ይቆይ?» ለሚለው ጥያቄ ተለዋዋጩን ብቻ አይቶ መልስ መስጠት አይቻልም። ምን ሊወሰንበት ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት።

መጠኑን አይቶ መጣልም የተለመደ ስሕተት ነው። ሲሙሌሽን ይሮጣል፤ የትኛው አቅጣጫ (ተለዋዋጭ ወይም የተለዋዋጮች ጥምረት) ብዙ ተንቀሳቀሰ ተብሎ ይለያል፤ ብዙ የተንቀሳቀሰው ይቀመጣል፤ «99 በመቶውን ይዟል» ተብሎ ይጻፋል። ሁለት ተለዋዋጮች ብቻ ያሉት ምሳሌ ይበቃል። ግብዓቱ 1 ሲሆን የመጀመሪያው 10 ላይ ይረጋጋል፣ ሁለተኛው 0.05 ላይ። የመጀመሪያው በ200 እጥፍ ይበልጣል። ውጤቱ ግን የመጀመሪያውን በ0.01፣ ሁለተኛውን በ50 አባዝቶ ይደምራል፤ 0.1 ሲደመር 2.5፣ ማለትም 2.6። ትልቁን አስቀምጦ ትንሹን የጣለ ሰው ከውጤቱ 96 በመቶውን ጥሏል። ሪፖርቱ ላይ ግን ከ99 በመቶ በላይ እንደያዘ ይጽፋል፤ አልዋሸም፣ የለካው የማይፈለገውን ነው።

ለዚህ የሚሆን ሚዛን እ.ኤ.አ. በ1981 ብሩስ ሙር ያቀረበው ነው፤ ባላንስድ ትራንኬሽን ይባላል። ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይጠየቃል፦ ግብዓቱ ምን ያህል ያንቀሳቅሰዋል? የተንቀሳቀሰውስ ውጤቱ ላይ ምን ያህል ይታያል? የመጀመሪያው በአንድ የልያፑኖቭ ኢኩዌሽን (በመረጋጋት ጥናት የሚሠራበት ኢኩዌሽን)፣ ሁለተኛው በሌላ ይሰላል። ከሁለቱ መልሶች የእያንዳንዱን አቅጣጫ ክብደት የሚለኩ፣ የሃንከል ቁጥሮች የሚባሉት ይወጣሉ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረደራሉ፣ ድንገት በሚወርዱበት ላይ ይቆረጣል። ቁጥሮቹ 4.1፣ 1.3፣ 0.2፣ 0.01፣ 0.004 ቢሆኑ ከሦስተኛው በኋላ ይቆረጣል። ከሌሎቹ ዘዴዎች የሚያስበልጠው ስሕተቱ አስቀድሞ ጣሪያ ያለው መሆኑ ነው፤ የተጣሉት ቁጥሮች ድምር ሁለት እጥፍ፣ እዚህ ላይ 0.028። በየትኛውም የግብዓት ድግግሞሽ ከዚያ አይበልጥም።

ይህን በኤሌክትሪክ ቋታችን (በማመንጫዎቹና በመስመሮቹ መረብ) ላይ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው የት የት እንደሚሰናከል እንንገረው። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ በሚሄደው 500 ኪሎቮልት የዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) መስመር ላይ ጭነቱ ሲለዋወጥ የአገር ውስጡ ድግግሞሽ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግብዓቱ የመስመሩ ጭነት፣ ውጤቱ ድግግሞሹ። እያንዳንዱ ጀነሬተር ከነመቆጣጠሪያዎቹ አሥርና ከዚያ በላይ ተለዋዋጭ ስላለው 100 ማሽን ከ1,000 በላይ ይሆናል። የመጀመሪያው መሰናክል የማሽኖቹ የሚዞረው ክፍል ማዕዘን ነው። ሁሉም ማዕዘኖች እኩል ቢጨመሩ ምንም የሚለወጥ ነገር ስለሌለ የሥርዓቱ ማትሪክስ (ኢኩዌሽኖቹ የተጻፉበት የቁጥር ሰንጠረዥ) ዜሮ ኢገንቫሊው፣ ማለትም ቢነካ ወደ ቦታው የማይመለስ አቅጣጫ፣ ይኖረዋል፤ የልያፑኖቭ ኢኩዌሽኑም ወይ አይፈታም፣ ወይ የማይረባ ግዙፍ ቁጥር ይሰጣል። ማዕዘኖቹን ሁሉ ከአንድ ማሽን አንጻር መለካት ነው፤ ሌላ ዘዴ አያስፈልግም። ሁለተኛው የመለኪያ ነገር ነው። ድግግሞሹም ቮልቴጁም በውጤትነት ከተያዙ፣ በኸርዝ የተጻፈው 0.2 እና በቮልት የተጻፈው 20,000 አይወዳደሩም፤ እያንዳንዱን ሊታገሡት ለሚችሉት ከፍተኛ መዛባት ማካፈል ይቀድማል። ሦስተኛው፣ ዝም ብሎ መቁረጥ ሥርዓቱ ሲረጋጋ የሚደርስበትን የመጨረሻ ዋጋ ያዛባል። ድግግሞሹ የት ያርፋል የሚለው ዋና ጥያቄ ከሆነ፣ የሚጣሉትን ዜሮ ከማድረግ ይልቅ የለውጥ ፍጥነታቸውን ዜሮ ማድረግ ይሻላል፤ የስሕተቱ ጣሪያ ያው ነው፣ የመጨረሻው ዋጋም በትክክል ይጠበቃል። ተለዋዋጮቹ 10,000 ሲደርሱ አንዱ ማትሪክስ ብቻ 800 ሜጋባይት ስለሚይዝና የስሌቱ ብዛት በኪዩብ ስለሚያድግ ተራው ፈቺ አያዋጣም፤ ማትሪክሱን በጥቂት ዓምዶች የሚገምቱት ዘዴዎች ይሻላሉ። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራም። የተርባይኖቹ በሮች ከሚችሉት ፍጥነት በላይ ሊከፈቱ ወይም ሊዘጉ አይችሉም፣ መስመራዊው ሞዴል ግን ያንን ገደብ አያውቅም።

ወደ ውኃ ዕቅድ ስንመለስ፣ ከቀለለ በኋላ በሚመጣው የማመቻቸት ስሌት ውስጥ የሚደበቅ አንድ ነገር አለ፤ እኛ አገር በተለይ ይደበቃል። ስሌቱ የሆነ ቀን ላይ ያበቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ውኃ ዋጋ እንዳለው ካልተነገረው፣ በመጨረሻው ወር ግድቡን አራግፎ ይሸጠዋል። ከእሱ አንጻር ትክክል ነው፤ ነገ የለማ። ስሌቱ በመስከረም የሚያበቃ ቢሆን ስሕተቱ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ በጎርፍ ማግሥት ባዶ ግድብ ማን ያምናል? የበጀት ዓመታችን ግን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ ስሌቱም ከበጀቱ ጋር አብሮ ይዘጋል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ግድብ መጉደሉ የተለመደ ስለሆነ ሥዕሉ እውነተኛ ይመስላል፤ ማንም አይጠይቅም። ክረምቱ በዘገየበት ዓመት ነው የሚታወቀው። መፍትሔው በመጨረሻው ቀን ለቀረችው ለእያንዳንዷ ሜትር ኩብ ዋጋ ማስገባት፣ ወይም ሁለትና ሦስት ዓመት አስልቶ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ መጠቀም ነው።

ሌላው የከፍታ ጉዳይ ነው። የሚመነጨው ኃይል የፍሰትና የከፍታ ብዜት ስለሆነ መስመራዊ አይደለም። ፔሬራና ፒንቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡት፣ የውኃን የወደፊት ዋጋ በጠፍጣፋ ቁራጮች የሚገምተው ዘዴ ከቤልማን እርግማን ያስጥላል። ግን የዋጋው ኩርባ ወደ አንድ ወገን ብቻ የጎበጠ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከፍታው እንደማይለወጥ ተደርጎ ይሰላል። በህዳሴ ግድብ ሐይቁ ከ640 ሜትር ወደ 590 ቢወርድ፣ ውኃው የሚወድቅበት ከፍታ ከ130 ሜትር አካባቢ ወደ 80 አካባቢ ይወርዳል፤ ያው ሜትር ኩብ የሚሰጠው ኃይል ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ከፍታውን ያልቀየረ ስሌት ግድቡን ዝቅ አድርጎ ማሠራት ምንም የማያስከፍል ይመስለዋል። ከፍታው የውኃ ልቀቱ ውሳኔ ባመጣው መሠረት እየተሻሻለ ስሌቱ አራትና አምስት ጊዜ ከተደገመ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል፤ በሁለት መልሶች መካከል እየተመላለሰ አልረጋ ካለ ደግሞ ማሻሻያውን በግማሽ ማሳነስ ይረዳል።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንለምነው ጥቂት ነው። ስለ ግድብም ሆነ ስለ ኤሌክትሪክ ቋት «ምርጡ አሠራር በዚህን ያህል በመቶ ይበልጣል» የሚል ጥናት ስታወጡ፣ ባለሙያውን ሁለት ነገር ጠይቁልን። የተመረጠው አሠራር ምንም ባልተጣለበት ሲሙሌሽን ላይ ተሞክሮ ነበር? ሲሞከርስ የትኞቹ ዓመታት ገቡበት? አማካይ ዓመት ብቻ ከሆነ ፈተና አይባልም። የ77ቱ ድርቅ በምንለው ጊዜ ዝናቡ የቀረው በ1976 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ የ2007 ዓ.ም. ክረምትም ኤልኒኞ ያደረቀው ነበር። ሁለቱም ከነተከታዮቻቸው መግባት አለባቸው። ከዚያ ከነባሩ አሠራር ጋር ያለው ልዩነትና በማቅለሉ የመጣው ስሕተት ጎን ለጎን ይታተሙ። ጭማሪው 2 በመቶ፣ ስሕተቱ 3 በመቶ ከሆነ፣ «ይበልጣል» የሚለውን ቃል ከርዕሱ ላይ አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
በቁጥጥር ምህንድስናና በውኃ ሀብት ዕቅድ ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ